አለንድሮኔት ታዟል፤ ከጾሙ፣ ከጨጓራ መድኃኒቱና ከጀሪካኑ ጋር እንዴት ይስማማ?

የኮዬዋ ጠየቀች፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዩ የእናቴ ነው። ዕድሜዋ 63፣ ክብደቷ 48 ኪሎ ነው፤ የወር አበባዋ የቆመው በ44 ዓመቷ ነው። የአጥንት ጥግግቷ በዴክሳ ተለክቶ የወገብ አከርካሪ ቲ-ስኮር -2.8፣ የጭን አጥንት አንገት -2.1 ወጥቷል። እስካሁን የተሰበረ ነገር የለም፤ ኩላሊቷም ደህና ነው ተብሏል። የታዘዘላት የአጥንት መሳሳት መድኃኒቱ አለንድሮኔት 70 ሚሊ ግራም በሳምንት አንድ ፍሬ፣ ካልሲየም 500 ከቫይታሚን ዲ 400 ዩኒት ጋር ደግሞ ጠዋትና ማታ ነው። ገና አልጀመረችም። ከዚህ ሌላ ለጨጓራ ብላ ኦሜፕራዞል 20 በየጠዋቱ ስትውጥ ሁለት ዓመት አልፏታል።

የከበደኝ መድኃኒቱን ከኑሮዋ ጋር ማስማማቱ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም፤ ጠዋት በውሃ የሚዋጠው ታዲያ እንዴት ይሆናል? ወተትና እርጎ በማይነካበት 55 ቀን ካልሲየሙ ከየት ይምጣ? ደግሞ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። አሳንሰር የለም፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሲጠፋ ከታች በጀሪካን ይወጣል፤ እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። ምን ትሥራ፣ ምን ትተው? የምታውቁ በቁጥር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቀማሚው፦

ሰው በብዛት የሚያበላሸው አለንድሮኔቱን ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ይህ መድኃኒት በባዶ ሆድ ተውጦ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ በታች ነው። በቡና ወይም በብርቱካን ጭማቂ ከተዋጠ ከዚያችው ጥቂት ላይ 60 በመቶ ያህሉ ይባክናል። ከቁርስ ጋር ከሆነማ ብሩን ሽንት ቤት መጣል ነው። «ትንሽ ቀምሰው ቢውጡትስ» የሚባል ድርድር የለውም።

ከእንቅልፍ እንደተነሱ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ቆመው ወይም ቀጥ ብለው ተቀምጠው በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ይዋጡት። አይታኘክም፣ አይመጠጥም፣ ለሁለት አይከፈልም። ውሃው ተራ ውሃ ይሁን፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ የቧንቧ ውሃ በቂ ነው። አምቦ ውሃ ግን አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። ይህን የምለው ጨጓራ ያለበት ሰው አምቦ ውሃ ስለሚወድ ነው። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ምንም አይበሉም፣ አይተኙም፣ ጎንበስ ብለው ቤት አይጠርጉም፣ አይሰግዱም። ምክንያቱ ፍሬው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ወይም ከሆድ ወደ ላይ ከተመለሰ የምግብ ቧንቧውን ስለሚያቆስል ነው። ሲውጡ ካመማቸው፣ ደረታቸውን ካቃጠላቸው ወይም ምግብ መሐል ላይ የሚቆም ከመሰላቸው የሚቀጥለውን ፍሬ ሳይወስዱ ሐኪማቸውን ያናግሩ።

ቀኑን ቅዳሜ አድርጊው። በዐቢይ ጾምም ቢሆን ቅዳሜና እሑድ ከእህል ውሃ ተከልክሎ መዋል የለም። እሑድ ግን ለሚቆርብ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ውሃም አይቀመስም፤ ስለዚህ ቅዳሜ ይቀላል። የምታስቸግረው ቅዳሜ ስዑር ብቻ ናት። እሷን አልፈው ከፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት ይውሰዱና በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ተለመደው ይመለሱ። በማንኛውም ሳምንት ቢረሱ ባስታወሱ ማግስት ጠዋት አንድ ፍሬ፤ ሁለት ፍሬ በአንድ ቀን በፍጹም።

የቅዳሜው ሰሌዳ እንግዲህ ይህ ነው፦ 12፡30 አለንድሮኔት፣ 1፡00 ኦሜፕራዞል፣ 1፡30 ቁርስ፣ ካልሲየሙ ከምሳና ከእራት ጋር። በጾም የሥራ ቀናት ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ጾሙን በውሃ ፈትተው ኦሜፕራዞሉን ይዋጡ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ሲበሉ ካልሲየሙን ይውሰዱ፤ ሁለተኛው ካልሲየም ከእራት ጋር ይሆናል። ሐኪሙ «ጠዋትና ማታ» ብሎ የጻፈው ከምግብ ጋር ለማለት እንጂ ጠዋቱ የተለየ በረከት ኖሮት አይደለም።

ኦሜፕራዞሉ ራሱ ግን መጠየቅ አለበት። ካልሲየም ካርቦኔት እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን ይዘጋል። ለዓመታት በተከታታይ የወሰዱ ሰዎች ላይ ስብራት በዝቶ መታየቱም የታወቀ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንደሚውጡት ይመርመር፤ ሄሊኮባክተር የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ካለ በሁለት ሳምንት አካባቢ የሚያልቅ ሕክምና አለው። በድንገት ግን አታስቁሚያቸው፤ የታፈነው አሲድ በርትቶ ይመለስና «ያለ እሱ አልችልም» ያስብላል። ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። የግድ መቀጠል ካለበት አሲድ የማይፈልገውን ካልሲየም ሲትሬት አፈላልጊ፤ ካጣሽ ካርቦኔቱን ትልቁ ማዕድ ላይ መስጠት ነው።

የካልሲየሙን ዕቃ ጀርባ አንብቢ። ካርቦኔት ከክብደቱ ካልሲየም የሆነው 40 በመቶው ነው። «ካልሲየም ካርቦኔት 1250፣ ከካልሲየም 500 እኩል» የሚል ከሆነ በእርግጥ 500 ነው። «ካልሲየም ካርቦኔት 500» ብቻ የሚል ከሆነ ግን በውስጡ ያለው 200 ነው፤ በዚህ ስሌት የሚታለለው ብዙ ነው። ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 በላይ በደንብ ስለማይወስድ ሁለቱን ፍሬ በአንድ ላይ መዋጥም ጥቅም የለውም። አይረን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘ ከካልሲየሙ ቢያንስ በ2 ሰዓት ይራቅ፤ የታይሮይዱ ሌቮታይሮክሲን በ4 ሰዓት።

ገበታ፦

«በጾም ካልሲየም የለም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት የሚመከረው በቀን 1200 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህ ከምግብና ከኪኒን አንድ ላይ ተደምሮ ነው። አሁን ማዕዱን እንቁጠረው።

100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 180 ገደማ አለ፤ በፉርኖ ዱቄት ውስጥ ግን 15 አካባቢ ብቻ። በቀን 200 ግራም ዱቄት የሚወጣው እንጀራ ከበሉ ወደ 350 ቀረብን። ከዚህ ላይ የሚቀንስ ነገር አለ፤ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል። ማቡካት ፋይቴቱን ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካው ከአፍለኛው ይሻላል። ጤፉ በሩዝ ከተበረዘ ቁጥሩም አብሮ ይበረዛል።

ጎመንና ቆስጣን አትደባልቂ። የሐበሻ ጎመን ካልሲየምን የሚያስረው ኦክሳሌት ትንሽ ስለሆነበት ካልሲየሙ ከወተት ባልተናነሰ ይገባል፤ 100 ግራም የበሰለ ጎመን ወደ 140 ይሰጣል። ቆስጣ ግን በኦክሳሌት የተሞላ ስለሆነ ያለችውንም ካልሲየም አንጀት ውስጥ አስሮ ያስወጣታል። ለደምና ለአንጀት መልካም ነው፣ ይብሉት፤ ከካልሲየም ሒሳብ ግን አውጪው።

ሰሊጥ ከነገለባው በ100 ግራም ከ900 በላይ አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 90 ማለት ነው። አብዛኛው ያለው ገለባው ላይ ነው፣ እዚያው ኦክሳሌትም አለ፤ ስለዚህ ግማሹን ብቻ ብትቆጥሪ አይቆጭሽም። ተቆልቶ ይፈጭ፤ ሙሉ ፍሬው እንደገባ ይወጣል። ሽሮ ለካልሲየም ብዙም አይደለም፤ ለፕሮቲን ግን ዋናው እሱ ነው። አጥንት በካልሲየም ብቻ አይቆምም፤ ግማሽ ያህሉ ስፍረቱ ፕሮቲን ነው። ለ48 ኪሎ ሰው በቀን ከ48 እስከ 58 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ በጾም ይህን ለመድረስ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ በሁለቱም ማዕድ መኖር አለባቸው። ክብደታቸው እንዳይወርድ በየሁለት ሳምንቱ መዝኚያቸው፤ ቅጥነት በራሱ አጥንትን ያሳሳል። አሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፤ የሚበሉ ከሆነ ግን ከነአጥንቱ የታሸገ ሰርዲን አንዱ ቆርቆሮ ከ300 በላይ ይሰጣል።

ድምሩን ስታዪው እንጀራ 350፣ ጎመን አንድ ተኩል ጭልፋ 200፣ ሰሊጥ ሁለት ማንኪያ በግማሽ ሒሳብ 90፣ ሌላው ሁሉ ተደምሮ 60 ወይም 80፤ 700 አካባቢ ነው። ጉድለቱ 500 ስለሆነ በጾም ቀን ኪኒኑ በእርግጥ ያስፈልጋል። በፍስክ ሁለት ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ብቻ 600 ስለሚሰጥ ሁለቱም ኪኒን አስፈላጊ ላይሆን ይችላል። ይህን ቁጥር ይዘሽ ለሐኪማቸው ንገሪው፤ ትርፍ ካልሲየም ለኩላሊት ጠጠር እንጂ ለአጥንት አይሆንም።

አይብን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አይብ የሚወጣው ከኮመጠጠ አሬራ ስለሆነ አሲዱ ካልሲየሙን አሟሙቶ ከአጓቱ ጋር ያወርደዋል። አይብ ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ የካልሲየም ምንጭነቱ ግን ከወተትና ከእርጎ በጣም ያነሰ ነው። አሬራው ራሱ ግን የወጣለት ቅቤው ብቻ ስለሆነ ካልሲየሙ አብሮት አለ።

ጨው ይቀነስ። 6 ግራም ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ከሽንት ጋር 40 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይዞ ይወጣል። ቡና በቀን እስከ ሦስት ስኒ አይጎዳቸውም። ከቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው ሰዓት በስተቀር!

ሰንዳፋ፦

የቅልጥም መረቅስ? እዚህ ሠፈር ለአጥንት የሚታዘዘው እሱ ነው። ሌላው፣ ወገባቸውን ሲያማቸው ወጌሻ ቢያሻቸው ይከፋል?

ገበታ፦

መረቁ ይጣፍጣል። ካልሲየሙ ግን ከአጥንቱ ወደ ውሃው የሚወርደው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክም አንድ ሳህን መረቅ የአንድ ብርጭቆ ወተትን ሩብ እንኳ አያክልም። ስለ ወጌሻው ለሐኪም እተዋለሁ።

አጥንት ሐኪም፦

ቀማሚውም ገበታም ልክ ናቸው። የምጨምረው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት መታየት ያለበትን ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ። ቲ-ስኮር ከጤናማ ወጣት አማካይ ምን ያህል እንደራቁ ነው የሚናገረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው መለኪያ -1 እና ከዚያ በላይ ደህና ነው፤ ከ-1 በታች ሆኖ -2.5 ያልደረሰ ኦስቲዮፒኒያ ይባላል፤ -2.5 እና ከዚያ በታች ኦስቲዮፖሮሲስ፣ በአማርኛችን የአጥንት መሳሳት ነው። የሚወሰደው ዝቅተኛው ነው። ስለዚህ «ጭኗ ደህና ነው» ብላችሁ አትዘናጉ፤ የእሳቸው ምርመራ -2.8 ነው።

ለምን እዚህ ደረሱ ለሚለው ትልቁ መልስ የወር አበባቸው በቆመበት ዕድሜ፣ 44 በሚለው ቁጥር ውስጥ አለ። አጥንት ሁልጊዜ የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው አካል ነው፤ አፍራሾቹን ሴሎች ልጓም የሚይዝላቸው ኤስትሮጅን ነው። ማረጥ ሲመጣ ልጓሙ ይላላል፤ በመጀመሪያዎቹ ከ5 እስከ 7 ዓመታት እስከ 20 በመቶ የሚሆን አጥንት ሊሄድ ይችላል። ከ45 በፊት ያረጠች ሴት ይህን ቀድማ ስለጀመረች ብዙ ዓመት ከፍላለች። አለንድሮኔት የሚሠራው አፍራሾቹን በማስታገስ ነው፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ለገንቢዎቹ ጡብና ሲሚንቶ ያቀርባሉ እንጂ ማፍረሱን አያስቆሙም። ኪኒኑን ትቶ በካልሲየም ብቻ መሄድ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

አሁን «ኩላሊቷ ደህና ነው ተብሏል» የሚለው ላይ ልቁም። የክሬያቲኒኑን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራውን ቆሻሻ፣ ቁጥር አምጡ። የኩላሊት የማጣራት አቅም ስሌቱ 140 ሲቀነስ ዕድሜ፣ ሲባዛ በክብደት፣ ሲካፈል በ72 ጊዜ ክሬያቲኒን፣ ለሴት ደግሞ ሲባዛ በ0.85 ነው። እሳቸው 63 ዓመትና 48 ኪሎ ናቸው፤ ክሬያቲኒናቸው 1.0 ከሆነ 44 ይወጣል፣ ያ ደህና ነው። 1.3 ከሆነ ግን 34 ነው፤ አለንድሮኔት ከ35 በታች አይሰጥም። ወረቀቱ ላይ 1.3 «ትንሽ ከፍ ያለ» ብቻ ተብሎ ይታለፋል። ቀጭን አረጋዊ ላይ ክሬያቲኒን ይዋሻል።

ከዚህ ሌላ በደም ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ አልካላይን ፎስፋታዝ፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ)፣ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና ኢኤስአር (የሰውነት መቆጣት ምልክት) ይታይ። የደም ካልሲየም ዝቅ ያለ ከሆነ አለንድሮኔቱ ሳይታረም አይጀመርም። አልካላይን ፎስፋታዙ ከፍ ብሎ አጥንቱን ሲጫኑት የሚያም፣ ከወንበር ለመነሳት ጭኑ የሚከዳ ከሆነ የአጥንት መሳሳት ብቻ አይደለም፤ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መላሸቅ ሊሆን ይችላልና ሕክምናው ይለያል። የአጥንት መሳሳት እስኪሰበር ድረስ አያምም። የወገብ ሕመም ካለ «አጥንቷ ስለሳሳ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ራጅ ይነሳ። የማታ ላብ፣ ትኩሳት ወይም መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን ሁልጊዜ መታሰብ አለበት፤ ኢኤስአሩ በጣም ከፍ ብሎ ደም ማነስ ከታየ ደግሞ የመቅኔ ካንሰር መወገድ አለበት።

ስለዚህ ለሰንዳፋ፦ የሳሳ አከርካሪ ላይ ወጌሻ አይነካም። በጎንበስ ማንሳት ብቻ የሚሰበር አጥንት በጉልበት ሲታሽ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። እጅ ወይም እግር ተሰብሮ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደግሞ ደም ተቋርጦ እስከ መቆረጥ የሚደርስ ጉዳት ይመጣል። ወድቀው አንዱ እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ ዳሌ ተሰብሯል፤ አይቁሙ፣ አይታሹ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተም እንዲሁ።

ቤት ውስጥ የምታደርጊው ቀላል ክትትል አለ። ቁመታቸውን አሁን ለኪና ጻፊው፤ ከወጣትነታቸው ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ካጠሩ አከርካሪ ሳያማቸው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ተረከዛቸውን ግድግዳ አስነክተው ሲቆሙ የራሳቸው ጀርባ ግድግዳውን ካልነካ፣ ወይም ከታችኛው ጎድንና ከዳሌ አጥንት መካከል ሁለት ጣት የማይገባ ከሆነም ጥርጣሬው ይጨምራል።

ዴክሳው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ይደገም፤ የግድ በዚያው ማሽን ላይ። የሚነጻጸረው ቲ-ስኮሩ ሳይሆን በካሬ ሴንቲ ሜትር ግራም የሚለው ቁጥር ነው፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያለው ልዩነት የማሽኑ መዋዠቅ ሊሆን ስለሚችል አያስደንግጥ፣ አያስጨብጭብ። በምርመራው ቀን ካልሲየም አይዋጥም፤ ያልሟሟ ፍሬ አከርካሪው ላይ ተደርቦ ቁጥሩን ያሳምረዋል። ደግሞ አንባቢ መካከል በወንጂ፣ በመተሐራ ወይም በዝዋይ አካባቢ ለረጅም ዓመት የጉድጓድ ውሃ የጠጣ ካለ ይህን ይወቅ፦ ፍሎራይድ የአጥንቱን ጥግግት ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ አጥንቱ ግን ተሰባሪ ነው። እዚያ ጥሩ ቲ-ስኮር ዋስትና አይሆንም።

የአለንድሮኔት ዕድሜ በአብዛኛው 5 ዓመት ነው፤ ከዚያ ይገመገማል። በመሐል ያለ ምክንያት ጭን ወይም ብሽሽት ላይ የማይለቅ ሕመም ከመጣ የጭን አጥንት ራጅ ይነሳ፤ የጭን አጥንት መሰንጠቁ ብርቅ ነው፣ ግን ይታወቃል። ኪኒኑ ካልተስማማቸው በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ 5 ሚሊ ግራም አለ፤ ከተሰጠ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን እንደ ጉንፋን ያንቀጠቅጣል፣ በፓራሲታሞል ያልፋል። በየ6 ወሩ የሚወጋውን ዴኖሱማብ በተመለከተ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቀጣዩን በጊዜው እንደምታገኙ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትጀምሩት። ሲቋረጥ የአጥንቱ መፍረስ በፍጥነት ይመለስና አከርካሪዎች ተከታትለው ይሰበራሉ።

ቫይታሚን ዲ 800 ዩኒት በቀን ይበቃቸዋል። 50,000 የሚለው በሳምንት አንድ ነው፣ ለ8 ሳምንት፣ እጥረቱ ሲረጋገጥ ብቻ፤ በየቀኑ ውጠው ካልሲየማቸው ጣሪያ ነክቶ የሚመጡ አሉ። «አንድ ትልቅ መርፌ ለዓመት» የሚባለውንም አልወደውም፤ በ2010 በታተመ ጥናት በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት የተሰጣቸው አረጋውያን ሴቶች ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙ ወድቀዋል፣ ብዙም ተሰብረዋል። ፀሐይ በኛ አገር ዓመቱን ሙሉ አለች፤ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅና እግር ተገልጦ ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ በዛ ያለ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ግን ያሞቃል እንጂ ቫይታሚን አይሠራም።

ፊዚዮ፦

ሁሉም ስለ ኪኒን ተናገሩ። አጥንቱን የሚሰብረው ግን መውደቅና ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው፤ 4ኛ ፎቅ ላይ ሁለቱም በብዛት አሉ።

20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። 48 ኪሎ ለሆኑ ሴት፣ ወገባቸው -2.8 ሆኖ፣ ከመሬት በጎንበስ ማንሳት ክልክል ነው። አንድም ቀን፣ «አንዴ ብቻ» ተብሎም። ጎንበስ ሲባል ሸክሙ የሚያርፈው በአከርካሪው ፊት ለፊት ባለው ጠርዝ ላይ ነው፤ የሳሳ አከርካሪ የሚደቀቀውም እዚያው ነው። ትልቁን ሌላ ሰው ያውጣ። እሳቸው መርዳት ካለባቸው ባለ 5 ሊትሩን፣ 3 ሊትር ብቻ ሞልተው፣ ጎን ለጎን ሁለት ይያዙ፤ በአንድ እጅ ከሚይዙት በሁለት እጅ መከፋፈሉ ይሻላል። ደረጃ ላይ ግን አንዱ እጅ ሁልጊዜ መደገፊያ ብረቱ ላይ ስለሚሆን ባዶ እጃቸውን ይውጡ። ባዶ እጅ ደረጃ መውጣት ራሱ ለዳሌ አጥንት መልካም እንቅስቃሴ ነው፤ አትከልክያቸው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሥራውን ወደ ወገብ ከፍታ አምጪው። የውሃው በርሜል መቆሚያ ላይ ሆኖ ቧንቧ ይውጣለት፤ ጎንበስ ብሎ በጆግ መቅዳት ይቅር። የልብስ ሳፋው ጠረጴዛ ላይ፣ ምጣዱ ቆመው የሚጋግሩበት ከፍታ ላይ። አጭሩን መጥረጊያ ጣይውና ረጅም እጀታ ያለው ግዢ። ቡና ሲያፈሉ የሚቀመጡባት በርጩማም ትቀየር፤ ከእሷ ሲነሱ ወገባቸው ሙሉ ለሙሉ ይታጠፋል፣ ሚዛናቸውም ይሰናከላል። መቀመጫው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ወንበር ይሁንና ረከቦቱም በዚያው ልክ ከፍ ይበል።

ስግደት፦ የተሰበረ አከርካሪ ከሌለ ግድግዳ ወይም ወንበር ይዘው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ይችላሉ። በሰሙነ ሕማማት እየተደጋገመ የሚሰገደውን ግን ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ ቆሞ ራስን ዝቅ በማድረግ እንዲተካላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ራጁ አከርካሪ መሰበሩን ካሳየ ወደ መሬት መስገድ ይቁም።

እንቅስቃሴው ከባድ ነገር አይደለም። በየቀኑ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ ሦስት ዙር። የወጥ ቤት ጠርዝ ይዞ በጣት መቆም፣ 10 ጊዜ ሁለት ዙር። ያንኑ ጠርዝ በአንድ ጣት ነክቶ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም፣ በየእግሩ አምስት ጊዜ። ግድግዳ መግፋት፣ ለእጅ አንጓና ለትከሻ። እግር ጣትን በእጅ ለመንካት መታጠፍና ተኝቶ ከወገብ በላይ መነሳት የሚባሉት ይቅሩ።

ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱም መውደቅ አለ። ባትሪ ትራሱ ሥር ይኑር፤ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ ይበየድ ወይም በቡሎን ይታሰር፤ የፎጣ መስቀያ ሰው አይችልም። የሚያዳልጠው ሲሊፐር ወጥቶ ተረከዙ የሚያዝ ጫማ ይግባ፤ ክረምት ላይ የኮዬ ጭቃ ሌላ ጉድ ነው። የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ካለ አልጋ ጠርዝ ላይ አንድ ደቂቃ ተቀምጠው ይነሱ። ሚኒባስ ላይ የመጨረሻው ወንበር አይቀመጡ፤ ጉድጓድ ሲገባ የሚዘለው እሱ ነው።

የኮዬዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ክሬያቲኒኗ 0.9 ነው፤ በስሌቱ 48 ወጣልኝ። ሁለት ነገር ቀረ። ሁለት መንጋጋ ጥርስ ይነቀል ተብላለች፤ ከመድኃኒቱ በፊት ወይስ በኋላ? ደግሞ ከዚህ ቀደም ካልሲየም ወስዳ ሆዷን አድርቋት ነበር።

አጥንት ሐኪም፦

48 ትክክል ነው። ጥርሱ ይቅደም። ይነቀል፣ ድዱ እስኪገጥም ጥቂት ሳምንት ይጠበቅ፣ ከዚያ አለንድሮኔቱ ይጀመር፤ በጥቂት ሳምንት መዘግየት አጥንቱ አይጎዳም። ከተነቀለ በኋላ የማይድን የመንጋጋ አጥንት ችግር በሳምንታዊ ኪኒን እጅግ ብርቅ ነው፤ ቢሆንም ለወደፊቱም ለጥርስ ሐኪሙ መድኃኒቱን መንገር አይረሳ። ካልሲየሙንና ቫይታሚን ዲውን ግን ከዛሬ ጀምሮ መውሰድ ይችላሉ።

ቀማሚው፦

ለድርቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፍሬ ብቻ ከዋናው ማዕድ ጋር፣ ከዚያ ሁለተኛው ይጨመር። ውሃ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል አይነስ፤ በጾም ቀን ከ9 ሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ይከፋፈል። ማታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይረዳል። ካልተሻላቸው ሲትሬቱ ይሞከር። ተልባው ቅዳሜ ጠዋት እንዳይሆን ብቻ፤ ከአለንድሮኔቱ ጋር ከተገናኘ እሱንም ጠቅልሎት ይወጣል።